አልማዝ ከመግዛታችሁ በፊት አቆራረጡን እንዴት ትፈትሻላችሁ?

አልማዝ ልትገዙ አስባችኋል እንበል። ለቀለበት ይሁን ለጆሮ ጌጥ ለውጥ የለውም። ወርቅ ቤት ገብታችሁ መጀመሪያ የምትጠይቁት «ስንት ካራት ነው?» ብላችሁ ከሆነ (ካራት የአልማዝ ክብደት መለኪያ ነው) ገንዘባችሁ ያለቦታው ሊውል ነው።

ይህን ልማድ ያመጣነው ከወርቅ ነው። ፒያሳ ግዙ፣ ዱባይ ዴራ ግዙ፣ ወርቅ ሚዛን ላይ ይወጣል፣ በዕለቱ የግራም ዋጋ ይባዛል፣ የእጅ ዋጋ ይጨመርበታል፣ አለቀ። አልማዝ ላይ ይህ ሒሳብ አይሠራም። ክብደታቸው፣ ቀለማቸውና ጥራታቸው (ከእንከን ነጻ መሆናቸው) ወረቀት ላይ አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት አልማዞች ጎን ለጎን ቢቀመጡ፣ አንዱ ገና ከሩቅ ሲያብረቀርቅ ሌላው ፈዞ ቁጭ ሊል ይችላል። ልዩነቱን የሚያመጣው አቆራረጡ ነው። በጀታችሁ ውስን ከሆነ ከክብደቱ ቀንሱ፣ ከቀለሙ ቀንሱ፣ ከጥራቱም ቀንሱ። ከአቆራረጡ ግን እንዳትቀንሱ።

እዚህ በዋናነት የማወራው ስለ ክቡ አልማዝ ነው። አብዛኛው ሰው የሚገዛው እሱን ነው፤ በቁጥር ለመመዘንም ከሁሉም የሚቀለው እሱ ነው። ስለ ኦቫል (ሞላላው) እና ስለሌሎቹ ቅርጾች ወደ ታች ትንሽ እላለሁ።

ብርሃኑ ውስጥ ገብቶ ምን ይሆናል?

ክብ አልማዝ 57 ገጾች አሉት፤ የታችኛው ሹል ጫፍም ከተላገ 58 ይሆናሉ። ከላይ ያለው ሰፊና ጠፍጣፋ ገጽ ቴብል ይባላል። ከቴብሉ ዙሪያ ተዳፋት ሆኖ የሚወርደው ክራውን ነው። ወገቡ ላይ ያለው ቀጭን ጠርዝ ገርድል፣ ከወገቡ በታች እየጠበበ እስከ ጫፉ የሚወርደው ደግሞ ፓቪሊየን ይባላል። እነዚህን አራት ስሞች ያዙ። ሰርተፍኬቱ ላይ የሚጻፉት፣ ሻጩም የሚጠራቸው እነሱን ነው።

ብርሃን ከላይ ይገባና ፓቪሊየኑን ይመታል። አንግሉ ልክ ከሆነ በዚያ በኩል አያልፍም፤ ተመልሶ ወደ ማዶው ይሄዳል፣ ከማዶውም ተመልሶ በላይ በኩል ወደ ዓይናችሁ ይወጣል። አልማዝ ብርሃንን በጣም ያጥፋል፤ የማጠፍ መጠኑ 2.42 ነው፣ የተራ መስታወት ግን 1.5 ገደማ ነው። በዚህ የተነሳ ገጹን ከ24.4 ዲግሪ በላይ ዘንበል ብሎ የመታ ብርሃን ሙሉ በሙሉ ወደ ውስጥ ይመለሳል። ዘንበል ያለው ከዚያ በታች ከሆነ ግን በታች በኩል ሾልኮ ይሄዳል። አልማዙ ብርሃን አፈሰሰ የሚባለው ይሄኔ ነው። የፈሰሰበት ቦታ ከላይ ሲታይ ግራጫ ወይም ውኃ የመሰለ ባዶ ሆኖ ይቀራል።

ትክክለኛውን አንግል በስሌት ለማግኘት ከደከሙት ሰዎች ስሙ ጎልቶ የሚነሳው ከአልማዝ ቆራጭ ቤተሰብ የተወለደው ማርሴል ቶልኮቭስኪ ነው። በ1919 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እንዲሁ ናቸው) ያወጣው ስሌት ቴብሉን ከአልማዙ ስፋት 53 በመቶ፣ ክራውኑን 34.5 ዲግሪ፣ ፓቪሊየኑን 40.75 ዲግሪ አድርጎታል። ከመቶ ዓመት በኋላም ጥሩ የሚባሉት አልማዞች አንግላቸው ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ታዲያ መልሱ ከታወቀ ቆራጮች ለምን አያደርጉትም? ክብደት ስለሚያጡ ነዋ። ጥሬው ድንጋይ ሲቆረጥ ብዙውን ጊዜ ግማሽ ያህሉ ተልጎ ይጠፋል። ዋጋው ደግሞ ቀስ እያለ አይወጣም፤ 1.00 ካራት፣ 1.50፣ 2.00 ላይ ሲደርስ ዘለል ይላል። ስለዚህ በትክክል ቢቆረጥ 0.92 የሚወጣውን ድንጋይ ወገቡን ወፈር፣ ታችኛውን ጠለቅ አድርጎ 1.01 ላይ ማቆየት ለቆራጩ ብር ነው። እናንተ ግን የማታዩትን ክብደት ትከፍላላችሁ።

ይህን በቁጥር እዩት። አንደኛው አልማዝ 1.01 ካራት ነው፤ ቴብል 57 በመቶ፣ ክራውን 36፣ ፓቪሊየን 41.4፣ ገርድሉ ወፍራም፣ ጠቅላላ ጥልቀቱ ከስፋቱ 64 በመቶ። ስፋቱ ወደ 6.30 ሚሊ ሜትር ይመጣል። ሁለተኛው 0.92 ነው፤ ቴብል 56፣ ክራውን 34.5፣ ፓቪሊየን 40.8፣ ጥልቀት 61.6። ስፋቱ 6.26 ሚሊ ሜትር ገደማ። ጣት ላይ ሲደረጉ 0.04 ሚሊ ሜትር ልዩነት ማንም አያይም። እንዲያውም ሁለተኛው እስከ ጠርዙ ብርሃን ስለሚመልስ ትልቅ መስሎ ይታያል፣ የመጀመሪያው ግን ከቴብሉ ሥር ቀለበት የመሰለ የፈዘዘ ክብ ይኖረዋል። ውዱ ደግሞ የመጀመሪያው ነው።

ሰርተፍኬቱ የት ድረስ ይወስዳችኋል?

ሰርተፍኬት የሌለውን አልማዝ አትግዙ። ለተፈጥሮ አልማዝ እኔ የማምነው በ1931 የተመሠረተውን የአሜሪካውን የከበሩ ድንጋዮች መርማሪ ተቋም ጂ አይ ኤን ነው። ጂ አይ ኤ ለክብ አልማዝ የአቆራረጥ ደረጃ መስጠት የጀመረው በ2006 ነው፤ ከኤክሰለንት ይጀምራል፣ ከዚያ ቬሪ ጉድ፣ ጉድ፣ ፌር፣ ፑር እያለ ይወርዳል። ስለዚህ ሻጭ የቆየ ወረቀት ቢያሳያችሁና የአቆራረጥ ደረጃ ባይኖርበት አትደንግጡ፣ ያኔ አይጻፍም ነበር።

ክብ አልማዝ ከሆነ ከኤክሰለንት በታች አትውረዱ። ግን ኤክሰለንት የሚለው ቃል ብቻውን አይበቃም፤ በዚህ ነጥብ ላይ ብዙ ሰው ይታለላል። ሻጩ «ትሪፕል ኤክሰለንት ነው» ይላችኋል፣ አቆራረጡም ልስላሴውም ሲሜትሪውም (የገጾቹ መመጣጠን) ኤክሰለንት ነው ማለቱ ነው። እውነቱን ነው። ነገር ግን ኤክሰለንት ሰፊ ክልል ነው፤ መሀሉ ላይ በጣም ድንቅ የሆኑት አሉ፣ ዳር ላይ ደግሞ ክራውኑም ፓቪሊየኑም ቀና ብሎ ለክብደት ሲባል የተቆረጡ አሉ። ሁለቱም በአንድ ቃል ይጠራሉ።

ስለዚህ ከቃሉ አልፋችሁ ሥዕሉን እዩ። የጂ አይ ኤ ሙሉ ሪፖርት ላይ አልማዙ ከጎን ተስሎ ቁጥሮቹ ተጽፈውበታል። እኔ የምፈልጋቸው እነዚህ ናቸው፦ ቴብል ከ54 እስከ 58 በመቶ፣ ጥልቀት ከ60 እስከ 62.5 በመቶ፣ ክራውን ከ34 እስከ 35 ዲግሪ፣ ፓቪሊየን ከ40.6 እስከ 41 ዲግሪ። ገርድሉ ከቀጭን እስከ ትንሽ ወፈር ያለ ቢሆን ጥሩ ነው። በጣም ቀጭን ከሆነ ሊሰበር ይችላል፣ በጣም ወፍራም ከሆነ ክብደት የተደበቀው እዚያ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ ይበልጥ ትኩረት የሚፈልገው ፓቪሊየን ነው። ክራውን ላይ ግማሽ ዲግሪ ብዙም ላይጎዳ ይችላል፤ ፓቪሊየን ላይ ግን ጥቂት አሥረኛ ዲግሪ እንኳ አልማዙን ሊለውጠው ይችላል። ሁለቱ ደግሞ ይካካሳሉ፤ ክራውኑ ቀና ሲል ፓቪሊየኑ ዝቅ ማለት አለበት። 35 ከ40.6 ጋር ያምራል፣ 34.5 ከ40.8፣ 34 ከ41። ሁለቱም አብረው ቀና ካሉ፣ ለምሳሌ 35.5 ከ41.2 በላይ፣ ቴብሉ ሥር ማፍሰስ ይጀምራል። ፓቪሊየኑ ከ40 በታች ወርዶ ቴብሉም ሰፊ ከሆነ ደግሞ የወገቡ ነጸብራቅ ቴብሉ ውስጥ ነጭ ክብ ሆኖ ይወጣል፤ የዓሣ ዓይን የሚሉት እሱን ነው። በጣም ከጠለቀ መሀሉ ይጠቁራል።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ። ሪፖርቱ ላይ ያለው አንግል አማካይ ነው፣ የተጠጋጋም ነው። ጂ አይ ኤ ክራውንን ወደ ግማሽ ዲግሪ፣ ፓቪሊየንን ወደ 0.2 ዲግሪ ያጠጋጋል። አንደኛው ወገን 40.5 ሌላው 41.1 ሆኖ አማካዩ 40.8 የተጻፈበት አልማዝ አለ። ስለዚህ ቁጥር መጥፎውን ለመጣል ይረዳል፣ ጥሩውን ለመምረጥ ግን ዓይን ያስፈልጋል። አውስትራሊያዊው ጋሪ ሆሎዌይ የሠራው ኤች ሲ ኤ የሚባል መሣሪያም ለዚሁ ነው፤ ጥልቀት፣ ቴብል፣ ክራውንና ፓቪሊየን ታስገቡለታላችሁ፣ ከ2 በታች ውጤት ካመጣ ወደሚቀጥለው ፈተና ታሳልፉታላችሁ፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ትተዉታላችሁ። 0.8 ያመጣው 1.5 ካመጣው ይበልጣል ብላችሁ ግን አትምረጡበት።

ስፋቱንም አትርሱ። በደንብ የተቆረጠ ባለ 1 ካራት ክብ አልማዝ 6.4 እስከ 6.5 ሚሊ ሜትር ይሰፋል። 6.2 ብቻ ከሆነ ክብደቱ ታች ወይም ወገብ ላይ ተቀምጧል።

ከመስኮቱ አጠገብ ውሰዱት

አሁን ሱቅ ገባችሁ። የወርቅ ቤት መብራት የሚመረጠው ሁሉም ነገር እንዲያብለጨልጭ ነው፤ ጣሪያው በሙሉ በትናንሽ ኃይለኛ አምፖሎች የተሞላ ነው። በዚያ መብራት ሥር መጥፎ አልማዝም የቀስተ ደመና ቀለም ይረጫል። እዚያ ላይ ቆማችሁ አትወስኑ። «ወደ መስኮቱ ልውሰደው?» በሉ። ሻጩ እምቢ ካለ ሌላ ሱቅ አለ።

ቢያንስ ሦስት ዓይነት ብርሃን ውስጥ እዩት። የመጀመሪያው የመስኮት ብርሃን ነው፣ ፀሐይ በቀጥታ የማይመታው። እዚህ የምትፈልጉት ድምቀትን ነው፤ ነጩ ብርሃን ከመሀል እስከ ጠርዝ ሞልቶ ይታያል ወይስ የሞተ ቦታ አለው? ሁለተኛው ደብዘዝ ያለ ቦታ ነው፤ ጠረጴዛ ሥር አድርጉት ወይም በመዳፋችሁ ከልሉት። ጥሩ አልማዝ እዚያም ያገኘውን ጥቂት ብርሃን ይመልሳል፣ የሚያፈሰው ግን ወዲያው ይሞታል። ሰው ቀለበት አድርጎ ብዙ ሰዓት የሚውለው ቢሮ፣ ሳሎንና መኪና ውስጥ ስለሆነ እኔ ይህን ፈተና ከሁሉም አስበልጠዋለሁ። ሦስተኛው አንድ ነጠላ አምፖል ወይም የስልክ መብራት ነው፤ እዚህ የቀለም ብልጭታውን ታያላችሁ። ቀጥታ ፀሐይ ላይ አልማዝ ጠቆር ብሎ የቀለም ፍንጣሪ ብቻ ቢያሳያችሁ አትከፉ፣ ጥሩውም እንዲያ ነው።

ስታዩት ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ራቅ አድርጉት። ዓይናችሁ ሥር ከለጠፋችሁት የራሳችሁ ጭንቅላት ብርሃኑን ይጋርደውና ይጠቁርባችኋል። ከዚያ ቀስ ብላችሁ ወዲህና ወዲያ አዘንብሉት። ደማቅና ጥቁር ቦታዎች ቶሎ ቶሎ ሲቀያየሩ፣ ብልጭታውም ትልልቅና ትናንሽ እየሆነ በሁሉም በኩል ሲመጣ ጥሩ ነው። ስታዘነብሉት አንዱ ጎን ተኝቶ ከቀረ ግን የሲሜትሪ ችግር አለ።

አልማዙ ገና ቀለበት ላይ ያልታሰረ ከሆነ አንድ ቀላል ሙከራ አለ። ጫፉን ወደ ታች አድርጋችሁ በሁለት ጣቶቻችሁ መሀል ያዙትና ቀጥታ ከላይ ወደ ቴብሉ እዩ። ጥሩ የተቆረጠው ውስጥ የሚታየው ብርሃንና የተስተካከለ ጥቁር ኮከብ ነው። የሚያፈሰው ውስጥ ግን የጣታችሁ ቆዳ ቀለም ይታያችኋል፣ በተለይ ከቴብሉ ጠርዝ በታች ባለው ክብ። ቀይ ጨርቅ ከኋላው ብታደርጉ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ሙከራውን ስትጨርሱ በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉት፤ የጣት ቅባት ታችኛውን ክፍል ከነካ ቀጣዩን ፈተና ያበላሽባችኋል። ደግሞ ብቻውን አትዩት። ሁለት ሦስት አልማዝ አስወጥታችሁ አጠገብ ለአጠገብ አድርጓቸው። አንድ አልማዝ ብቻውን ሲታይ ሁሌም ያምራል።

በመስመር ላይ ስትገዙ

አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁ ብዙዎቻችሁ የምትገዙት ድንጋዩን ሳትነኩ ነው። ክፋት የለውም፤ እንዲያውም ከሱቅ የበለጠ መረጃ ማግኘት ይቻላል፣ ከጠየቃችሁ። የሚሽከረከረውን ቪዲዮ ስታዩ ቀጥ ብሎ ወደ እናንተ የሚያይበት ቅጽበት ላይ አቁሙት። መሀሉ ላይ 8 ጥቁር ቀስቶች ጥርት ብለው፣ እኩል ርዝመት ኖሯቸው ከታዩ ጥሩ ምልክት ነው። የተቆራረጡ፣ የተጣመሙ ወይም ግራጫ ሆነው የተሸበሸቡ ከሆኑ እለፉት። ሁለት ሻጮች መብራታቸውና ካሜራቸው ስለሚለያይ የአንዱን ቪዲዮ ከሌላው ጋር አታወዳድሩ።

ከዚያ የአይዲያል ስኮፕ ፎቶ ጠይቁ። አልማዙን በቀይ አንጸባራቂ ሥር የሚያሳይ ትንሽ መሣሪያ ነው። ቀይ የሆነው ሁሉ ብርሃን የሚመልስ ቦታ ነው፣ ነጭ የሆነው የሚያፈስ፣ ጥቁሩ ደግሞ ለንፅፅር የሚያስፈልገው ነው። ቴብሉ ሥር ሰፊ ነጭ ወይም ፈዛዛ ሮዝ ክብ ካያችሁ ከላይ ያልኩት ችግር ማለት ነው። አሴት የሚባለው ደግሞ ብርሃኑ ከየት እንደመጣ በቀለም ይለያል፤ ቀይ ከላይ ከፍ ካለ ቦታ የሚመጣው ጠንካራ ብርሃን፣ አረንጓዴ ከጎን የሚመጣው ደካማ ብርሃን፣ ሰማያዊ የተመልካቹ ጭንቅላት የሚጋርደው ነው። ለክብ አልማዝ ቀዩ እንዲበዛ፣ ሰማያዊው በቀስት መልክ እንዲታይ ትፈልጋላችሁ። መሣሪያውን ያወጣው ኤ ጂ ኤስ የሚባለው የአሜሪካ የጌጣጌጥ ባለሙያዎች ማኅበር የራሱን ላቦራቶሪ በ2022 ዘግቶ ሥራው ወደ ጂ አይ ኤ ሄዷል፤ «ኤ ጂ ኤስ አይዲያል» የሚል ተጨማሪ ሪፖርት ያለው ድንጋይ ካገኛችሁ የብርሃኑ ጉዳይ ተፈትኗል ማለት ነው። ሻጩ እነዚህን ፎቶዎች «አንሰጥም» ካለ ቢያንስ የመመለሻ ጊዜውን በጽሑፍ ያዙ፤ ብዙ የኦንላይን ሻጮች 30 ቀን ይሰጣሉ፣ እና በእነዚያ ቀናት ከላይ ያሉትን ፈተናዎች ቤታችሁ አድርጉት።

ኦቫል፣ ፒር፣ ኩሽን እና የመሳሰሉት

ጂ አይ ኤ ለእነዚህ ቅርጾች የአቆራረጥ ደረጃ አይሰጥም። ሪፖርቱ ላይ ያለው የልስላሴና የሲሜትሪ ደረጃ ብቻ ነው። ሻጩ ኦቫሉን «ኤክሰለንት ኤክሰለንት» ሲላችሁ እነዚያን ማለቱ ነው፣ ብርሃን ይመልስ አይመልስ ግን ምንም አይነግራችሁም። እዚህ ቁጥር ስለማይረዳ ያለ ቪዲዮ ወይም ያለ ዓይን አትግዙ። ኦቫልና ፒር ላይ መሀሉን አቋርጦ የሚያልፍ የከረባት ቅርጽ ያለው ጥቁር ጥላ አለ። ትንሽ ቢኖር ችግር የለውም፤ ስታዘነብሉት ብልጭ ብሎ ከጠፋ ደህና ነው። ስታንቀሳቅሱትም እዚያው ጠቁሮ ከቀረ ተዉት።

ሰው ሠራሹ አልማዝ ላይም ሕጉ ያው ነው፤ ብርሃን ድንጋዩ ከመሬት ይውጣ ከላቦራቶሪ አይጠይቅም። ዋጋው በጣም ስለረከሰ መካከለኛ አቆራረጥ የምትቀበሉበት ምክንያት የለም። ቡናማ ወይም ሰማያዊ ጥላ፣ ጭጋግ የመሰለ ነገር ካለው ብቻ ተጠንቀቁ።

ጭጋግ ካነሳን፣ ጥሩ አንግል ያለው የተፈጥሮ አልማዝም ሊፈዝ ይችላል። የጥራት ደረጃው ኤስ አይ (ትንሽ እንከን ያለበት) ሆኖ ሪፖርቱ ግርጌ «ደረጃው የተሰጠው በሥዕሉ ላይ ባልታዩ ደመናዎች ነው» የሚል ማስታወሻ ካለው ደመናው ድንጋዩን ሁሉ ሞልቶት ሊሆን ይችላል። በጣም ጠንካራ ፍሎረሰንስ (በአልትራቫዮሌት ብርሃን ሥር የሚያበራ ባሕርይ) ያለውንም በቀን ብርሃን እዩት፤ አብዛኞቹ ምንም አይሆኑም፣ አንዳንዶቹ ግን ወተት የነካቸው ይመስላሉ።

ወስናችሁ ልትከፍሉ ስትሉ በ10 እጥፍ ማጉያ ወገቡን አሳዩኝ በሉ። የሪፖርቱ ቁጥር በሌዘር ተቀርጾ ከሆነ ከወረቀቱ ጋር አመሳክሩት፣ ወረቀቱን ደግሞ በጂ አይ ኤ ድረ ገጽ ላይ ቁጥሩን አስገብታችሁ አረጋግጡ። ቀለበቱ ከታሰረ በኋላ ስትረከቡም ይህንኑ ድገሙት።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ንጽሕና ነው። አልማዝ ቅባት ይወዳል፤ ሎሽን፣ ሳሙና፣ የወጥ ቅባት ከታች በኩል ሲለጠፍበት ያ ሁሉ የተለፋበት አንግል መሥራት ያቆማል፣ ብርሃኑም ይሾልካል። በሳምንት አንዴ ለብ ባለ ውኃና በዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ዘፍዝፉት፣ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ይዛችሁ ከቀለበቱ ሥር በኩል ፓቪሊየኑን ፈተግ ፈተግ አድርጉት። ስታለቀልቁ ግን የሲንኩን ቀዳዳ መድፈን እንዳትረሱ።